ሩዶልፍ ዲዝል፦ በስሙ የምንጠራው ሞተርና ዕድሜውን የፈጀበት ኖዝል

መግቢያ

ለመሆኑ ዲዝል የሚለው ቃል የሰው ስም መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዓባይ በረሃን ወርዶና ወጥቶ፣ ደብረ ማርቆስንና ደንበጫን አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አስፋልት ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አቋርጦ ይሄዳል። ቡሬ ላይ ደግሞ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ ይገነጠላል። በቆሎና በርበሬ ጭኖ በዚህ መንገድ የሚመላለሰው አይሱዙም ሆነ ባለተሳቢው ከባድ መኪና የሚጠጣው ናፍጣ ነው። ከአስፋልቱ ወጣ ብለን ወደ ጃቢ ጠህናን፣ ወደ ወምበርማ ወይም ወደ ቋሪት ገጠር ብንገባም፣ መብራት ባልደረሰበት ቀበሌ ጤፍና ዳጉሳ የሚፈጨው ብዙ ጊዜ ያው የናፍጣ ሞተር ነው። ስሙን በቀን ስንት ጊዜ እንጠራዋለን፤ ሰውየውን ግን አናውቀውም።

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሳሳኝ ስሙ ብቻ አይደለም። ሞተር ጥቁር ጭስ ሲያበዛ፣ ዳገት ላይ ሲለግም፣ ጠዋት አልነሳም ሲል ወይም ናፍጣ ሲበላ ገና ሳይነካ ኖዝሉ ነው የሚል ፍርድ ይሰጣል። አንዳንዴ እውነት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ባለንብረቱ አራት ኖዝል ገዝቶ ካስቀየረ በኋላ ጭሱ እዚያው ይቀራል። የሩዶልፍ ዲዝልን የሕይወት ታሪክ ሳነብ የገረመኝ፣ ሰውየው ራሱ ብዙ የተቸገረው በዚሁ ቦታ፣ ማለትም ነዳጁ ወደ ሲሊንደር በሚገባበት ቀዳዳ ላይ መሆኑ ነው። በመሆኑም በመጀመሪያ ታሪኩን፣ ከዚያም ለእኛ ሙያ የሚሰጠውን ትምህርት እንደሚከተለው አቀርባለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባሉ በስተቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ሩዶልፍ ዲዝል የተወለደው መጋቢት (ማርች) 18 ቀን 1858 በፓሪስ ከተማ ነው። ወላጆቹ ጀርመኖች ነበሩ። አባቱ ቴዎዶር ከአውግስቡርግ የሄደ የቆዳ ሥራ ባለሙያ ሲሆን እናቱ ኤሊዘ የኑርንበርግ ሰው ነበረች። ቤተሰቡ ሀብታም አልነበረም። ትንሹ ሩዶልፍ አባቱ የሠራውን የቆዳ ዕቃ በጋሪ እየገፋ ለደንበኞች ያደርስ ነበር። ትርፍ ጊዜ ሲያገኝ ደግሞ በፓሪስ ወደሚገኘው የቴክኒክ ሙዚየም እየሄደ የድሮ ማሽኖችን ያይና በወረቀት ላይ ይስላቸው ነበር።

በ1870 በፈረንሳይና በጀርመኖች መካከል ጦርነት ተነሳ። በፓሪስ የሚኖሩ ጀርመኖች ከተማዋን ለቀው እንዲወጡ ስለተገደዱ የዲዝል ቤተሰብ ወደ ለንደን ተሰደደ። ኑሮ ስለከበዳቸው የ12 ዓመቱን ልጅ አውግስቡርግ ወደሚኖሩት አጎቱ ዘንድ ላኩት። አጎቱ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ስደቱ ለልጁ መከራም ዕድልም ሆነለት ማለት ይቻላል፤ የቴክኒክ ትምህርት የጀመረው በዚያ ነው። ገና በ14 ዓመቱ መሐንዲስ እንደሚሆን ለወላጆቹ በደብዳቤ አስታወቀ።

ከአውግስቡርግ ትምህርት ቤት በጥሩ ውጤት ስለጨረሰ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ሙኒክ ፖሊቴክኒክ ገባ። እዚያ ካስተማሩት አንዱ የማቀዝቀዣ ማሽን ሊቅ የነበሩት ካርል ፎን ሊንደ ናቸው። በአንድ ትምህርት ላይ መምህሩ የእንፋሎት ሞተር ከሚነድለት ከሰል ሙቀት ወደ ሥራ የሚለውጠው ከመቶ አሥር እጅ የማይሞላ መሆኑን ያስረዳሉ። ዲዝል ይህን ሲሰማ ሌላ ዓይነት ሞተር መሥራት ይቻል እንደሆነ እንዲያጠና ለራሱ በደብተሩ ዳር ማስታወሻ ያዘ። ከመቶው እንጨት ዘጠናውን ሜዳ ላይ የሚያነድ ምድጃ ቤታችን ቢኖር ማን ዝም ብሎ ያያል? እሱም ዝም አላለም። በ1879 ታይፎይድ ታሞ የመጨረሻው ፈተና ስላለፈው ተራውን እስኪያገኝ ድረስ ስዊዘርላንድ ውስጥ በዙልትዘር የማሽን ፋብሪካ በእጁ ሠራ። በ1880 መጀመሪያ ፈተናውን ወስዶ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ። መጽሐፍና መፍቻ አብሮ የያዘ ሰው ሆነ ማለት ነው።

የሐሳቡ መነሻ

ከምረቃ በኋላ ዲዝል በፓሪስ የሊንደ የበረዶ ፋብሪካ ተቀጥሮ ብዙም ሳይቆይ ኃላፊ ሆነ። በ1883 ማርታ ፍላሸን አግብቶ ሦስት ልጆች ወለዱ። ቀን የማቀዝቀዣ ሥራውን እየሠራ በትርፍ ጊዜው ለዓመታት በአሞኒያ ትነት የሚሠራ ሞተር ሞከረ፤ አልተሳካም። በ1890 ወደ በርሊን ተዛወረ።

ዋናው ሐሳቡ ሲታይ ቀላል ይመስላል። የብስክሌት ጎማ ስንነፋ መንፊያው ይግላል። አየር ሲታመቅ ይሞቃልና ነው። ዲዝል ያሰበው አየሩን ብቻውን በጣም አምቆ ከነዳጁ መቀጣጠያ ሙቀት በላይ ማጋል፣ ከዚያ ነዳጁን በትክክለኛው ቅጽበት ማስገባት ነው። እሳት የሚጭር ካንዴላ አያስፈልግም፤ ነዳጁ የጋለውን አየር ሲያገኝ በራሱ ይነዳል። በ1892 ፓተንት ጠየቀ፤ በ1893 መጀመሪያ የጀርመን ፓተንት ቁጥር 67207 ተሰጠው። በዚያው ዓመት ሐሳቡን በመጽሐፍ አሳተመ።

አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ዲዝል ሞተሩን ያሰበው ለትልልቅ ፋብሪካዎች ብቻ አልነበረም። በዚያን ዘመን ኃይል ማለት ግዙፍ የእንፋሎት ሞተር ማለት ስለነበር ኃይሉ የባለካፒታሎች ብቻ ሆኖ ነበር። እሱ ግን ሸማኔው፣ አናጢውና ትንሹ ባለሙያ በየመንደሩ የራሱ ሞተር እንዲኖረው ይመኝ ነበር። በኋላም በ1903 ስለ ሠራተኞች መተባበር የሚናገር መጽሐፍ ጽፎ አሳትሟል፤ መጽሐፉ ግን ብዙም ገዢ አላገኘም።

የአውግስቡርግ ፈተና

ሐሳብ ወረቀት ላይ ሲሆን አይጨስም። ችግሩ ብረት ላይ ሲወርድ ነው። የአውግስቡርግ ማሽን ፋብሪካ ኃላፊ ሃይንሪኽ ቡትስ እንዲሁም የክሩፕ ድርጅት በ1893 ሥራውን ለመደገፍ ከዲዝል ጋር ተዋዋሉ። የመጀመሪያው የሙከራ ሞተር ቁመቱ ከሰው በላይ የሆነ ባለ አንድ ሲሊንደር ነበር። ነሐሴ (ኦገስት) 10 ቀን 1893 ሞተሩን ከፋብሪካው ዘንግ ጋር በቺንጊያ አገናኝተው እያዞሩት ነዳጅ አስገቡበት። ወዲያው ተቀጣጠለ። ግፊቱ ወደ 80 ባር ደረሰና ግፊቱን የሚመዘግበው መሣሪያ ፈንድቶ ስብርባሪው ተበተነ። እግዚአብሔር ያወቀው ነው፣ ሰው አልሞተም። ዲዝል ግን ከሙከራው አንድ ነገር ያዘ፤ ነዳጅ በታመቀ አየር ብቻ እንደሚነድ ተረጋገጠ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ ሁሉ ማስተካከል ነበር። ሞተሩ ተፈቶ ተሻሽሎ እንደገና ተሠራ። የካቲት (ፌብሩዋሪ) 17 ቀን 1894 እንደተለመደው በቺንጊያ እየዞረ ሳለ በሥራው ላይ የነበረው ሜካኒክ ቺንጊያው በሌላ በኩል ሲወጠር አየ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ፋብሪካው ሞተሩን ይጎትት ነበር፤ አሁን ሞተሩ ፋብሪካውን መጎተት ጀመረ። ሜካኒኩ ምንም ሳይናገር ቆቡን አወለቀ። በራሱ የሄደው ለአንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። ቢሆንም ከዚያች ደቂቃ ወደኋላ መመለስ የለም።

ታዲያ ሦስት ዓመት ያህል ተጨማሪ ጊዜ የወሰደው ምንድን ነው? ትልቁ ምክንያት የነዳጅ አገባቡ ነው። ፒስተኑ አየሩን ከ30 ባር በላይ አምቆታል። ነዳጁ ወደዚያ ለመግባት ከዚያ የበለጠ ግፊት ይፈልጋል። ግፊት ብቻውን ደግሞ አይበቃም። ነዳጁ እንደ ጉም ካልተበተነ ከአየሩ ጋር አይገናኝም። እንደ ውሃ ጠብታ ከወረደ ውጪው ይከስላል፣ ይጨሳል፣ ፒስተኑ ላይ ጥላሸት ይጋግራል። መጠኑም በእያንዳንዱ ዙር እኩል መሆን አለበት፤ መጀመሩም ማቆሙም ቁርጥ ያለ መሆን አለበት። ዲዝል ነዳጁን በቀጥታ በፓምፕ ለመግፋት ሞከረ። በዘመኑ የነበረው የብረት ሥራ ግን ይህን ያህል የጠበቀ ፓምፕና ኖዝል ሊሠራለት አልቻለም። መላ ሲጠፋ ነዳጁን በታመቀ አየር እያስነፉ ወደ ሲሊንደር ማስገባት ተመረጠ። ይህም ሠራ።

የካቲት 17 ቀን 1897 የሙኒኩ ፕሮፌሰር ሞሪትስ ሽሮተር ኢማኑኤል ላውስተር የነደፈውን አዲሱን ሞተር በይፋ ፈተኑት። ውጤቱ ወደ 18 የፈረስ ጉልበት የሚጠጋ ኃይልና 26.2 ከመቶ የሙቀት አጠቃቀም ነበር። የመምህሩ የሊንደ አሥር ከመቶ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ተሻሻለ ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ድል ዕዳ ነበረበት። ነዳጁን የሚነፋው የአየር መጭመቂያ ከባድ፣ ውድና ከሞተሩ ኃይል ጥቂት የማይባለውን የሚበላ ነበር። ለመርከብና ለፋብሪካ ይሆናል፤ ለጭነት መኪናና ለመንደር ወፍጮ ግን አይሆንም። ለትንሹ ባለሙያ የታሰበው ሞተር በኖዝሉ ምክንያት የትልልቆቹ ንብረት ሆኖ ቀረ።

ክብር፣ ክርክርና ዕዳ

ከ1897 በኋላ ዲዝል በአንድ ጊዜ ታዋቂና ባለጸጋ ሆነ። የአሜሪካን መብት የቢራ ፋብሪካ ባለቤቱ አዶልፈስ ቡሽ በአንድ ሚሊዮን ማርክ ገዛው። በ1900 የፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ የእሱ ዓይነት ሞተር ትልቁን ሽልማት አገኘ። በዚያው ኤግዚቢሽን ላይ አንድ ትንሽ የዲዝል ሞተር በለውዝ ዘይት ሲሠራ ታየ። ዲዝል በኋላ በንግግሮቹ የአትክልት ዘይት ወደፊት ገበሬው ራሱ የሚያመርተው ነዳጅ ሊሆን እንደሚችል ያነሳ ነበር። ኑግ በሚዘራበት ጎጃም ይህ ሐሳብ ጆሮ ይስባል። ሆኖም ያልተጣራና ያልተዘጋጀ የምግብ ዘይት ወፍራም ስለሆነ የዛሬዎቹን ኖዝሎች በጥላሸት እንደሚደፍን መዘንጋት የለበትም።

በሌላ በኩል ችግሩም አብሮ መጣ። ሞተሮቹ በደንብ ሳይበስሉ ገበያ ስለወጡ ቶሎ ቶሎ ይበላሹ ጀመር፤ ገንዘባችን ይመለስ ያሉ ገዢዎችም ነበሩ። ሐሳቡ የእሱ አይደለም የሚሉ ተከራካሪዎች ተነሱበት። እንግሊዛዊው ኸርበርት አክሮይድ ስቱዋርት ከእሱ ቀደም ብሎ በጋለ ጎድጓዳ ብረት ነዳጅ የሚያቀጣጥል ሞተር ሠርቶ ስለነበር ክርክሩ ለብዙ ዘመን አልበረደም። ዲዝል በጭንቀትና በራስ ምታት ታሞ ተኛ። ያገኘውን ገንዘብ በመሬት ግዢና ባልተሳኩ ንግዶች አጠፋው። ሙኒክ ውስጥ ታላቅ ቪላ ሠርቶ ከውጭ ለሚያየው ሰው ሀብታም ይመስል ነበር፤ ውስጡ ግን በዕዳ ተበልቶ ነበር።

ሞተሩ በበኩሉ መንገዱን ቀጠለ። በ1912 ሴላንዲያ የተባለችው የዴንማርክ መርከብ በዲዝል ሞተር ውቅያኖስ ስታቋርጥ ከሰል የሚጭኑ ሰዎችና ረጅም ጭስ ማውጫ የማያስፈልጋት መርከብ ተብላ ዓለምን አስገረመች።

የመጨረሻው ጉዞ

መስከረም (ሴፕቴምበር) 29 ቀን 1913 ማታ ዲዝል ከቤልጂየሟ የአንትወርፕ ወደብ ድሬዝደን በምትባል መርከብ ተሳፍሮ ወደ እንግሊዝ ጉዞ ጀመረ። የሚሄደው ለሥራ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር እራት በልቶ ጠዋት እንዲቀሰቅሱት አዝዞ ወደ ክፍሉ ገባ። ጠዋት ሲፈለግ የለም። አልጋው አልተነካም። ኮቱና ባርኔጣው መርከቡ ጫፍ ላይ ተገኙ። ከአሥር ቀን ያህል በኋላ የሆላንድ ጀልባ ሠራተኞች ባሕር ላይ አንድ አስከሬን አገኙ። በኪሱ የነበሩትን ዕቃዎች ወስደው አስከሬኑን በዘመኑ ልማድ ወደ ባሕሩ መለሱት። ዕቃዎቹን ልጁ ኦይገን አይቶ የአባቱ መሆናቸውን መሰከረ። መቃብር የለውም።

ተገድሎ ነው የሚሉ ወሬዎች በዘመኑ ጋዜጦች ብዙ ተጽፈዋል። አብዛኞቹ የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊዎች ግን ዕዳው አስጨንቆት ራሱን እንዳጠፋ ያምናሉ። ከመሄዱ በፊት ለባለቤቱ የሰጣት ቦርሳ ሲከፈት ጥሬ ገንዘብና የዕዳውን ሁኔታ የሚያሳዩ ወረቀቶች ተገኝተውበታል። ዕድሜው 55 ነበር። በዚያው ዓመት የሞተሩን አፈጣጠር የሚተርክ የመጨረሻ መጽሐፉ ታትሞ ነበር።

እሱ ያላየው መፍትሔ

ዲዝል በሕይወት ሳለ ያላገኘውን ፓምፕና ኖዝል ሌሎች አገኙት። በቤንዝ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ፕሮስፐር ሎራንዥ ነዳጁ መጀመሪያ ትንሽ ክፍል ውስጥ ተቀጣጥሎ ወደ ዋናው ሲሊንደር የሚወጣበትን ዘዴ በ1909 ፓተንት አድርጎ ነበር። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ቤንዝና ማን የናፍጣ ጭነት መኪና ሠሩ። የሽቱትጋርቱ ሮበርት ቦሽ ደግሞ በ1922 መጨረሻ የነዳጅ ፓምፕ ለመሥራት ወስኖ በ1927 በብዛት ማምረት ጀመረ። ያ ከባድ የአየር መጭመቂያ ቀረ። በምትኩ በእጅ የሚያዝ ፓምፕና ከአውራ ጣት ብዙም የማይወፍር ኖዝል መጣ።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ፣ በጣልያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) የናፍጣ ፊያትና ላንቺያ ካሚዮኖች በሀገራችን መንገዶች ላይ ይሠሩ ነበር። ዛሬም ጋራዥ ውስጥ ፊልትሮ፣ ቺንጊያ፣ ካንዴላ እያልን የምንጠራቸው ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ከዚያም ወፍጮው ገጠር ገባ። የዲዝል ምኞት፣ ማለትም የመንደር ባለሙያው የራሱ ሞተር ይኑረው ያለው ነገር፣ ከእሱ ሞት በኋላ ከአውግስቡርግ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ በጎጃም ገጠር ተፈጸመ ብል ማጋነን አይመስለኝም። እናቶች እህል በአህያ ጭነው የሚሄዱበት ወፍጮ ቤት ሲቆም ወይ ሌላ ቀበሌ ድረስ መጓዝ፣ ወይ ወደ ድንጋይ ወፍጮ መመለስ ነው። ስለዚህ የኖዝል ጉዳይ የብረት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ለእኛ ጋራዥ የሚሰጠው ትምህርት

ዲዝል የሙከራ ሰው ነበር። ሞተሩን በግምት አልፈረደበትም፤ ግፊቱን በመሣሪያ እያስመዘገበ ከሥዕሉ ላይ ጉድለቱን ያነብ ነበር። እኛም ኖዝል ከመክሰሳችን በፊት በቅደም ተከተል መሄድ አለብን።

1ኛ/ ከኖዝሉ በፊት ያለውን ማየት። ናፍጣ በጀሪካን ተጭኖ ገጠር ሲደርስ አቧራና ውሃ ይዞ ይገባል። ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣ ደግሞ ማለስለሱ ስለሚቀንስ ፓምፑንም የኖዝሉን መርፌም ይፈጃል። ስለዚህ የነዳጅ ፊልትሮውን፣ የውሃ ማጠራቀሚያውን፣ በቱቦ የሚገባ አየር መኖሩን ማየት ይቀድማል። የአየር ፊልትሮ ከታፈነ ምንም የማያውቀው ኖዝል ይከሰሳል። ሌላም አለ፤ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አገር ወደ አንድ አምስተኛ ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር ለዝቅተኛ ቦታ የተወሰነውን ናፍጣ እዚህ ሲጠጣ ጥቁር ጭስ ቢያወጣ አይገርምም።

2ኛ/ ጭሱን ማንበብ። ጥቁር ጭስ ናፍጣው በደንብ አለመንደዱን ያሳያል፤ ምክንያቱ የአየር ማነስ፣ የናፍጣ መብዛት ወይም የኖዝል መጥፎ አረጫጨት ሊሆን ይችላል። ነጭ ጭስ ያልነደደ ናፍጣ ወይም የውሃ ትነት ነው፤ የሚያንጠባጥብ ኖዝልም፣ የደከመ ኮምፕሬሽንም፣ የተዛባ ታይሚንግም ያመጣዋል። ሰማያዊው የሚነድ የሞተር ዘይት ስለሆነ ወደ ፋሻና ወደ ቫልቭ ያመለክታል።

3ኛ/ የታመመውን ሲሊንደር መለየት። የድሮው ዓይነት ፓምፕ ባለው ሞተር ላይ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የእያንዳንዱን ኖዝል ቱቦ ብሎን በየተራ ላላ እናደርጋለን። ሲላላ ድምፁ ካልተለወጠ ያ ሲሊንደር ድሮውንም አይሠራም ነበር። ይህ ግን የሲሊንደሩን ጥፋት እንጂ የኖዝሉን አያረጋግጥም። ቀጥሎ ሞተሩን አጥፍተን ያንን ኖዝል ከጤነኛው ሲሊንደር ኖዝል ጋር እናቀያይራለን። ጥፋቱ ከኖዝሉ ጋር ከሄደ ኖዝሉ ነው። እዚያው ከቀረ ደግሞ ኮምፕሬሽን፣ ቫልቭ ወይም ፓምፑ ነው። ምንም ገንዘብ የማያስወጣ ሙከራ ይህን ያህል ይናገራል።

4ኛ/ በመፈተሻ ፓምፕ ላይ መፈተን። ኖዝሉ ጌጅ ባለው የእጅ ፓምፕ ላይ ይታሰራል። በመጀመሪያ የሚከፈትበት ግፊት ይታያል። ትንሽ ክፍል ላላቸው ሞተሮች ብዙ ጊዜ ከ120 እስከ 150 ባር፣ በቀጥታ ለሚረጩት ከ180 እስከ 250 ባር ገደማ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር ግን የአምራቹ ማኑዋል ላይ ያለው ነው። ከዚህ ካነሰ ስፕሪንጉ ደክሟል፤ በሺም ይስተካከላል። ቀጥሎ ግፊቱን ከመክፈቻው 20 ባር ያህል ዝቅ አድርገን ለ10 ሰከንድ እንይዛለን፤ ጫፉ ላይ ጠብታ ከተንጠለጠለ መቀመጫው አይዘጋም። ከዚያ አረጫጨቱን እናያለን፤ እኩል የተበተነ ጉም መሆን አለበት እንጂ እንደ ክር መውጣት ወይም ወደ አንድ ጎን ማዘንበል የለበትም። ብዙዎቹ ጤነኛ ኖዝሎች ሲረጩ የሚንጣጣ ድምፅ ያሰማሉ። በመጨረሻም በመመለሻው በኩል የሚያፈስ መሆኑ ይታያል፤ ብዙ ከተመለሰ መርፌው ተበልቷል።

እዚህ ላይ ለሕይወታችን የሚያሰጋውን ነገር ማንሳት ግድ ነው። ከኖዝል የሚወጣው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቀዳዳው ትንሽ ስለሆነ ሰው ቀላል ነው ብሎ ይተወዋል፤ በኋላ ግን እጅ እስከማስቆረጥ ይደርሳል። እጅን በሚረጭ ኖዝል ፊት ማድረግ ክልክል ነው። ከወጋም ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል መሄድ ነው። መነጽርም ማድረግ፣ ከእሳትም መራቅ ያስፈልጋል።

5ኛ/ አዲሶቹን ሞተሮች እንደ ድሮዎቹ አለመንካት። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የመጡት የኮመን ሬል ሞተሮች ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ሲሆን በዘመናዊዎቹ ከ2,000 ባር ያልፋል። በእነዚህ ላይ ሞተሩ እየሠራ ቱቦ ማላላት ራስን መግደል ነው። የእነሱ ቀላሉ ፈተና በኖዝሎቹ መመለሻ ላይ የተመጠኑ ብልቃጦች አስሮ የሚመለሰውን ናፍጣ ማነጻጸር ነው፤ ከሌሎቹ በጣም የበለጠው ተጠርጣሪ ነው። የቀረውን የኮምፒውተር መመርመሪያና የኖዝል ባለሙያ ይጨርሰዋል።

6ኛ/ ንጽሕና። በመርፌውና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ከ2 እስከ 4 ሺኛ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የሰው ፀጉር ከዚህ ብዙ እጥፍ ይወፍራል። ስለዚህ መርፌና ቤቱ አብረው የተሞረዱ ባልና ሚስት ናቸው፤ የአንዱን መርፌ ለሌላው ቤት መስጠት አይቻልም። አቧራማ ጠረጴዛ ላይ የተፈታ ኖዝል ተጠግኖ ሳይሆን ተበላሽቶ ይገባል። ሲመለስም የመዳብ ወሸሩ አዲስ፣ አጠባበቁም በማኑዋሉ ልክ መሆን አለበት።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው ሩዶልፍ ዲዝል ሐሳቡን ከደብተር ዳር ጀምሮ በዓለም ላይ ያለውን የኃይል አጠቃቀም የለወጠ ሰው ነው። ሞተሩ ለትንሹ ሰው እንዲደርስ የከለከለው በዘመኑ የታጣው ጥሩ ኖዝል ነበር። ዛሬ ኖዝሉ አለ። አሁን የሚጎድለው አንዳንዴ በትክክል የሚመረምረው ሰው ነው። ባለወፍጮው ወይም ባለመኪናው መኪና ቤት ሲመጣ በእጁ የያዘው የበቆሎ ወይም የበርበሬ ሽያጭ ገንዘብ ነው። ሳንፈትን ቀይር ያልነው እያንዳንዱ ኖዝል ከዚያ ገንዘብ ላይ ይነሳል። በርግጥ የኤሌክትሪክ ወፍጮውም የኤሌክትሪክ መኪናውም እየመጣ ነው፤ ይሁንና ዓባይ በረሃን በጭነት የሚወጣው ናፍጣ ጠጪ ገና ከመንገድ አልወጣም።

ከሰውየው ሕይወት ሌላም የምንማረው አለ። ሞተሩን ሲፈትን አብረውት መሐንዲሶችና ሜካኒኮች ነበሩ፤ ጥፋቱን አብረው አይተው አብረው አርመዋል። ዕዳውንና ጭንቀቱን ግን ለብቻው ይዞት ሄደ። እኛም በሙያችን ያልገባንን ለመጠየቅ፣ በኑሯችንም የከበደንን ለወዳጅ ለማካፈል አንፈር።